አክስቴ የማትቀምሰው ዶሮ

ልጅ እያለሁ ዓርብ የሚገባው በአፍንጫዬ በኩል ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈራችን ሳልታጠፍ፣ የሚቁላላ ሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ መጥቶ ይቀበለኛል። መርሳ ሞቃት ናት፤ በዚያ ሰዓት ዛፉም ሰዉም ፀጥ ይላል፣ ወደ ወልድያ የሚያልፈው የጭነት መኪና ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። በዚያ ፀጥታ መሐል ሽታው ሲደርሰኝ ቦርሳዬን ጀርባዬ ላይ እያንገጫገጭኩ እሮጣለሁ። አክስቴ መዲና ዶሮዋን ጀምራለች ማለት ነው።

መዲና የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰችው እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዐረብ አገር ሲመለሱ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ከሚያወርዱት አልነበረችም። አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ ከሚኒባስ ወረደች፣ እናቴን አቅፋ አለቀሰች፣ ከዚያ ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን ተነሥታ «ዶሮ አለ?» አለች።

ያ የመጀመሪያው ነበር። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን ዶሮ ቀቀለችው፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ በጣቷ ተለተለችው፤ ከዚያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና ራሷ ባዘጋጀችው በርበሬ አቁላላችው። ከፉርኖ ዱቄት እንደ ነጠላ የሳሳ ቂጣ በብረት መጥበሻ ላይ ጋገረች። ዶሮውን ቂጣው ላይ ዘርግታ፣ የተከተፈ ቲማቲምና ቃሪያ ነስንሳ፣ ነጭ ሽንኩርት የገባበት እርጎ አፍስሳበት ጠቀለለችው። ስንበላው ዓይናችን እያነባ እንስቅ ነበር፤ ያቃጥላል፣ ግን እጅህን አያስመልስህም። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ፣ የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ፣ የሰፈሩ ሴቶች ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ሰሌን ዘርግተው መሰብሰብ ጀመሩ። የጠራቸው የለም፤ ሽታው ይበቃል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቱካን እንኳ አትቀርም ነበር። ዓርብ ለእሷ ጾም ነው፤ ባይሆንም የእኛን እርድ አትበላም። መዲና ለእሷ ለብቻው በታጠበ መጥበሻ ድንች በቃሪያ ትጠቀልልላታለች። እትዬ ብርቱካንም «የእኔ ይበልጣል፣ ቅኑብኝ» እያለች ታስቀናን ነበር።

የእኔ ሥራ ወረቀት ነበር። እንዳይንጠባጠብ የጥቅሉን ታችኛውን ጫፍ በዓምናው ደብተሬ ገጾች እጠመጥማለሁ። ሴቶቹ እየበሉ ቃለ ጽሕፈቴን ያነባሉ፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘውን እያዩ «ሐያት፣ "ዕንቁላል" በዚህ ነው እንዴ የሚጻፈው?» ብለው ይስቁብኛል። ትንንሾቹ ልጆች አጠገባቸው ቅልሞሽ ይጫወታሉ። እኔ ግን ወረቀቱን ሰጥቼ ቶሎ ከወጥ ቤት እወጣ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ወጥ ቤታችን ከመኖሪያው ተለይቶ ከማንጎው ጀርባ የተሠራ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። እናቴ ከድሮም ጀምሮ «ቢስሚላህ ሳትይ እዚያ የፈላ ውኃ እንዳትደፊ፤ የማናያቸው ይኖራሉ» ትለኝ ነበር። ይህን እናት ሁሉ ትላለች፣ አያስፈራኝም። ያስፈራኝ መዲና ነበረች። ዶሮው ሊበስል ሲል በማንኪያ ትቀዳና አትቀምሰውም። በግራዋ በኩል፣ የከሰል ጆንያ ወደቆመበት ማዕዘን ትዘረጋዋለች፤ ልክ የአንዲት ሴት አፍ በሚደርስበት ቁመት። ከዚያ ትጠብቃለች። የወጡ መንተክተክ ብቻ ይሰማል። ትንሽ ቆይታ ራሷን ትነቀንቅና «እሺ» ትላለች፤ ጨው ትጨምራለች። ሌላ ጊዜ «በቃው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ጠብቃም ክዳኑን ትገጥማለች። በዚያ ማዕዘን ከጆንያው በቀር ምንም የለም።

አንድ ቀን ምድጃው ላይ ወተት ጥዳ አጠገቡ ቆማ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኔ ከግቢው መግቢያ ላይ የተቃጠለ ወተት ሽታ መታኝና እየሮጥኩ ገባሁ። ወተቱ ገንፍሎ ድስቱን አጥቁሮታል። እሷ ሽንኩርቷን ትልጣለች።

«አክስቴ፣ ወተቱ!»

ዞር ብላ አየችው። ደነገጠች፤ ግን የደነገጠችው ከወተቱ ይልቅ እኔ በማየቴ ነበር። ድስቱን አወረደችና ዱካ ላይ ቁጭ አለች።

«ሐያቴ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አለችኝ። «አይሸተኝም። እዚያ እያለሁ መታጠቢያ ቤት ቆልፈውብኝ በበረኪና ስፈገፍግ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ አበባውም እበቱም አንድ ሆነብኝ። ምላሴም አብሮ ሄደ። ዶሮም ብበላ ጨርቅም ባኝክ ለእኔ ያው ነው።»

«ታዲያ ጨውን እንዴት ታውቂዋለሽ?»

«ትነግረኛለች።»

«ማን?»

ዓይኗ ወደ ጆንያው ሄዶ ተመለሰ።

ያን ዕለት ለእናቴ ነገርኳት፤ ስለ ሽታው ሳይሆን ስለ ማንኪያው። እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለሰው እንዳትናገሪ። ሰው አገር የቆየ ሰው ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል» አለችኝ። በማግስቱ ቁርኣን የተቀራበት ውኃ አስመጥታ የወጥ ቤቱን አራት ማዕዘን ረጨች። በሚቀጥለው ዓርብ መዲና ማንኪያዋን እንደገና ዘረጋች። ጨውም እንደገና ልክ ሆነ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ብቻዬን የነበርኩበትን ቀን ነው። መዲና ቲማቲም ልትገዛ ወደ በር ወጥታ «ድስቱን እይልኝ» ብላኝ ነበር። ቀትር አልፎ ነበር፣ የማንጎው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሳየው ሳየው አንዱ ክር ወደ ከሰሉ ጆንያ ዘመም አለ፤ ከዚያም ሰው ትኩስ ነገር ሲያበርድ እንደሚያደርገው እፍ የተባለበት ይመስል ተበተነ። እንደገና ተሰበሰበ፤ እንደገና ተበተነ። ነፋስ አልነበረም። መዲና ስትገባ ፊቴን አየችና ክዳኑን ገጥማ «ሂጂ ከልጆቹ ጋር ተጫወቺ» አለችኝ።

የክረምቱ ዝናብ ሊጀምር ሲል በአንዱ ዓርብ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው የመጀመሪያው ዙር ጥቅል እየታደለ ሳለ፣ አንዲት የማናውቃቸው አሮጊት በበሩ ቆሙ። ጥቁር ሻሽ ጠምጥመዋል፣ እግራቸው አቧራ ለብሷል። «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ። ሴቶቹ ሰላምታውን መልሰው ተነሡላቸው።

«ከድጃ እባላለሁ፣ ከውርጌሳ ነኝ» አሉ ለእናቴ። «ከጅዳ የተመለሰች ልጅ እዚህ ቤት አለች ብለውኝ ነው። አንድ ነገር ልጠይቃት።»

«አለች፣ ምድጃ ላይ ናት። መጀመሪያ አረፍ ይበሉ፣ ይቅመሱ። ጥያቄው ይደርሳል» አለች እናቴ። በእኛ አገር የመጣ ሰው ሳይበላ ጉዳይህ ምንድን ነው አይባልም። እናቴ በራሷ እጅ አንድ ጥቅል አቀበለቻቸው። እሳቸው ከጉያቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ፎቶግራፍ አውጥተው ጭናቸው ላይ አኖሩና ቢስሚላህ ብለው ገመጡ።

ማኘካቸውን አቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ዋጡ። ሴቶቹ ያቃጠላቸው መስሏቸው ውኃ ሊሰጧቸው ሲሉ፣ አሮጊቷ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው፣ ጓዳ ያለን ሰው እንደሚጠሩ ሆነው «ሩቅያ!» አሉ።

ሁሉም ወደ ወጥ ቤቱ ዞረ።

«እማ፣ ማንን ነው የሚጠሩት?» አለች እናቴ።

«ልጄን። ይህ የልጄ እጅ ነው። በርበሬው ውስጥ የደረቀ የሎሚ ልጣጭ አለበት። እንዲህ አድርጌ የማስፈጨው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። አራት ዓመት ድምፅዋ ጠፍቶብኝ በየቤቱ ስዞር፣ ለካ መርሳ ናት!» ፊታቸው በርቶ ነበር። ያ ብርሃን እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ጥቅሉን እንደያዙ ተነሥተው ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ።

እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ግቢው በሚታይበት በኩል፣ ወረቀት እየቀደድኩ ነበር። መዲና «ሩቅያ» የሚለውን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረው ቂጣ እሳቱ ውስጥ ወደቀ። እማ ከድጃ ገቡ። ከበሩ ጀርባ አዩ። የዱቄቱን በርሜል አለፍ ብለው አዩ። መጨረሻ ከሰሉ ጆንያ ዘንድ ሄደው ከጀርባው ጎንበስ አሉ፤ «ውጪ እንጂ የኔ ዓለም፣ አልቆጣሽም» እያሉ። እዚያ ቦታ ላይ ሳያቸው የያዝኩትን ወረቀት ጨመደድኩት።

መዲና ጉልበታቸው ሥር ተደፋች።

«እማ፣ እዚህ የለችም። እኔ ነኝ የሠራሁት። ሩቅያ ጅዳ ቀርታለች… አፈር ውስጥ ናት።»

እማ ከድጃ ወዲያው አላለቀሱም። ዱካው ላይ ተቀመጡና «ንገሪኝ» አሉ። መዲናም መሬት ላይ እንዳለች ነገረቻቸው። እናቴና ሴቶቹ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔን ማስወጣት ማንም አላስታወሰም።

ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ቤት ሥራ ነው። በአማርኛቸው ዜማ «ወሎዬ ነሽ?» ተባብለው እህት ሆኑ። እመቤቲቱ በየሳምንቱ ዘመዶቿን ትሰበስብ ነበር፤ ሩቅያ ዶሮውን ታቁላላለች፣ መዲና ትጠቀልላለች። ሩቅያ ከቤት ባመጣችው የእናቷ በርበሬ እየሠራች ዘመዶቹን አስለመደቻቸው። ሲያልቅም እንዴት እንደሚዘጋጅ መዲናን አስተማረቻት። መዲና ሽታና ጣዕም ካጣች በኋላ ቀማሿ ሩቅያ ሆነች፤ መዲና ማንኪያ ትዘረጋለች፣ ሩቅያ ትፈርዳለች። አንድ ጊዜ ሩቅያን ትኩሳት ያዛት። ጣሪያ ላይ ካለች አንዲት ክፍል አስተኟት። ሐኪም ቤት እንዲወስዷት መዲና ስትለምን፣ «መጀመሪያ እንግዶቹ ይሂዱ» ተባለች። ዶሮው ሲበስል መዲና ተደብቃ በማንኪያ ይዛላት ወጣች። ሩቅያ በደረቀ ከንፈሯ ቀምሳ «ትንሽ ጨው» አለች። መዲና ወርዳ ጨው ጨመረች። እንግዶቹ በልተው እስኪነሡ ድረስ ስትጠቀልል ቆየች። ተመልሳ ስትወጣ ሩቅያ ቀዝቅዛ ነበር።

«እኔ ያን ሰዓት እጠቀልል ነበር እማ» አለች መዲና። «የት እንደቀበሯት አላሳዩኝም። ስሟንና ውርጌሳን አውቃለሁ። በሚኒባስ ውርጌሳን ባለፍኩ ቁጥር ሻሼን ፊቴ ላይ እጥላለሁ። ቤታችሁን ፈልጌ ልመጣ ስንት ዓርብ ተነሣሁ። እግሬ እምቢ አለ።»

እማ ከድጃ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ቀጥለው የጠየቁት ማንም ያልጠበቀውን ነበር።

«ምላስሽ ከሞተ ታዲያ ይህን ማን ቀምሶልሽ ነው?»

መዲና ቀና አለች። ሴቶቹ በሩ ላይ እየሰሟት፣ ለእኔ ያልነገረችኝን ተናገረች። «እሷ ናት። ማንኪያውን ስዘረጋላት ትነግረኛለች። ከዚያ አገር ተከትላኝ መጥታለች እማ። እዚህ ጋ ነው የምትቆመው።»

እትዬ ብርቱካን አማተበች። እናቴ «አዑዙ ቢላህ» ስትል ሰማኋት። እማ ከድጃ ግን አልፈሩም።

«በይ እንግዲያ ጠይቂያት። ምን አመመሽ፣ ማን ከፈነሽ በያት።»

«ስለ ጨውና ስለ በርበሬ እንጂ ስለ ሌላ አትናገርም።»

«እንግዲያው ስለ ጨው ጠይቂያት።»

መዲና ተነሣች። ምድጃው ላይ ካለው ድስት ቀድታ ማንኪያውን ወደ ማዕዘኑ ዘረጋች። ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። ውጭ ልጆቹ እንኳ ጨዋታቸውን አቁመው ነበር፤ ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሣ ሲንጣጣ ይሰማል። ማንኪያው እንደተዘረጋ፣ ከላዩ የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ እንዳለ፣ ብዙ ቆየን።

«ዝም አለች» አለች መዲና። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ነበር። «እማ፣ ዝም አለች። እንዲህ ሆና አታውቅም።»

በዚያች ቅጽበት ያየሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እማ ከድጃ ድንገት ፊታቸውን ወደ ቀኝ ትከሻቸው መለሱ፤ አንድ ሰው ከኋላቸው በጣቱ ነካ እንዳደረጋቸው። ከኋላቸው ግድግዳ ነበር። ትንሽ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማንኪያውን ከመዲና ተቀበሉ፣ እፍ አሉበት፣ ቀመሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በርበሬው ደኅና ነው» አሉ። «ሎሚ ጨምሪበት።»

ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። መዲና ሎሚውን እየጨመቀች፣ እሳቸው ማንኪያውን እንደያዙ፣ ሴቶቹም በሩ ላይ፣ ሁሉም አለቀሰ። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ ግቢው ሙሉ ለቅሶ ሆኖ አገኘው። በዚያው ሳምንት ውርጌሳ ለሩቅያ ሰደቃ ወጣላት፤ አባቴ በግ ይዞ ሄደ፣ ሰፈሩም ተከተለው። መዲና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳትሸፍን ውርጌሳ ወረደች።

ከዚያ በኋላ እማ ከድጃ ቤታችንን ዳግም የሚረግጡ ለማንም አልመሰለውም ነበር። የሚቀጥለው ዓርብ ግን ከሚኒባስ ወርደው፣ በፌስታል ሎሚና በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ይዘው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው በቀጥታ ወጥ ቤት ገቡ፤ ከከሰሉ ጆንያ አጠገብ ዱካ አስቀምጠው ተቀመጡ። መዲና ማንኪያ ዘረጋችላቸው። ቀምሰው ፈረዱ። በሦስተኛው ዓርብ መዲና ማንኪያውን ስትሰጣቸው «አውፍ ይበሉኝ እማ፣ ይቅርታዎን» አለቻቸው። አሮጊቷ ቀምሰው፣ ማንኪያውን መልሰው፣ «አውፍ ብዬሻለሁ። ጨው ያንሰዋል» አሉ። ሌላ ነገር አልተጨመረበትም። ዓመታት ዓርብ ዓርብ መጡ፤ ጉልበታቸው ሲደክም ደግሞ መዲና ወደ ቤታችን አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ያረፉት በእሷ እጅ ነው።

ያ ማዕዘኑ ላይ የነበረው ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰም። እኔም ወጥ ቤት ብቻዬን መግባት ለመድኩ።

አሁን ወልድያ ነው የምኖረው፣ ቢሮ እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ከሰዓት ጓደኞቼ ቤቴ ይመጣሉ፤ እኔም ያንኑ ዶሮ እጠቀልልላቸዋለሁ። ቂጣው ከሱቅ የተገዛ ነው፣ ዶሮው ተቆራርጦ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ ወረቀቱም ነጭ ሶፍት። ሳይቀምሱ ፎቶ ያነሡታል። በራችን ብረት ነው፤ ሳይደውል የሚመጣ ሰው የለም። ባለፈው መርሳ ስሄድ ለመዲና ያ ጊዜ ምን ያህል ያስፈራኝ እንደነበር ነገርኳት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ሽታ እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። ሳቀችብኝ። «እኔ እኮ የሞተችውን ፈርቼ አላውቅም» አለችኝ። «የምፈራው በቁም ያሉትን እናቷን ነበር።»

ከጓደኞቼ የአንዷ ታናሽ እህት አሁን ሪያድ ናት። እሁድ ስንሰበሰብ በቪዲዮ ትደውላለች፤ ስልኩን እያዞርን ሁላችንንም እናሳያታለን፣ ምን እየበላን እንደሆነም ትጠይቃለች። ያለፈው እሁድ ሰዓቷ አለፈ። ስልኩን ከትሪው አጠገብ አስቀምጠን ተቀመጥን። መጀመሪያ አወራን፤ ኋላ ወሬው አለቀ። ማንም እጁን አልዘረጋም። የጠቆረውን መስታወት ስንመለከት ፊታችን እዚያ ላይ ይታየን ነበር። ስልኩ የጮኸው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ደኅና ናችሁ?» አለች፤ እህቷ አፏን ይዛ ነበርና እኔ «ደኅና ነን» አልኳት።

ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር። እንደዚያው በላነው።